14ኛ ወጥታ ለምን ሳቀች? ትንሽ የፊገር ስኬቲንግ ውድድርን ከደሴ ሆኖ መከታተል

ባለፈው መስከረም አንድ ምሽት አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ውጭው ካፊያ ነው። ስልኬን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌ ፊገር ስኬቲንግ አያለሁ፤ በረዶ ሜዳ ላይ በሙዚቃ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትን ስፖርት። ውድድሩ ኦሊምፒክ አይደለም። የዓለም ሻምፒዮናም አይደለም። አውሮፓ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚካሄድ ነው፤ ግማሹ መቀመጫ ባዶ ነው። አንዲት ልጅ ወጣች። ሁለቱን ዝላይ በሰላም ሠራች። ሦስተኛው ላይ ወደቀች። ተነስታ ጨረሰች። ከአሰልጣኟ ጎን ቁጭ ብላ ነጥቧን ስትጠብቅ ካሜራው ፊቷ ላይ ቆመ። ቁጥሩ መጣ። 14ኛ ሆናለች። ልጅቷ ግን ብድግ ብላ አሰልጣኟ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እየሳቀች ታለቅሳለች።

አክስቴ ሲኒውን እያቀበሉኝ «ምነው ልጄ፣ ይቺ ወድቃ፣ 14ኛ ወጥታ ምን ያስቃታል?» አሉኝ።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ያወቀ ሰው ትንንሽ ውድድሮችን ከትልልቆቹ አብልጦ መውደዱ አይቀርም። እኔ የደረሰብኝ ይኸው ነው። መልሱ በአንድ ቃል ሚኒማ ነው።

አትሌቲክስ የምንከታተል ሰዎች ሚኒማን እናውቃታለን። አንድ ሯጭ ለኦሊምፒክ ለመታጨት በታወቀ ውድድር ላይ የተወሰነ ሰዓት ማምጣት አለበት። ፊገር ስኬቲንግም እንደዚያው ነው። በሰዓት ፈንታ ነጥብ ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ ነው። የዓለም ሻምፒዮና ላይ ለመሰለፍ አገርሽ መላኳ ብቻ አይበቃም። አንድ ተወዳዳሪ በሙዚቃ ሁለት ጊዜ ይቀርባል፤ አንዱ አጭሩ ፕሮግራም፣ ሌላው ረጅሙ ይባላል። በሁለቱም የተቆረጠ የቴክኒክ ነጥብ ቀድሞ መምጣት አለበት። ለአውሮፓ ሻምፒዮና የራሱ ሚኒማ አለው። ከአውሮፓ ውጭ ያሉት ለሚወዳደሩበት የአራቱ አህጉራት ሻምፒዮናም እንዲሁ። ሁለቱ ነጥቦች ከአንድ ውድድር መምጣታቸው ግዴታ አይደለም። የአጭሩን መስከረም ላይ፣ የረጅሙን ታህሳስ ላይ ማሟላት ይቻላል።

ያቺ ልጅ ያን ምሽት የአጭሩን ሞላች። ለእሷ 14ኛም ሆነ 4ኛ መውጣት የዚያን ቀን ጉዳይ አልነበረም።

ትንሽ ውድድር ላይ ከሚሰለፉት ሃያ ሰዎች ለሜዳሊያ የመጡት አራት አምስት ቢሆኑ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ነው የሚያሳድዱት። አንዱ ሚኒማ ይፈልጋል። ሌላዋ ከጉዳት ተመልሳ ዝላይዋ አሁንም እንዳለ ማየት ትፈልጋለች። አንዱ አዲስ ሙዚቃ ይሞክራል። ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው ከሃያው ውድድር አንዱን ብቻ ነው የሚያየው።

የትኛው ነው ትንሽ የሚባለው?

ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ስፖርቱ በዚያ ስለሚቆጠር።

ስፖርቱን የሚመራው ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ነው። በ1892 የተመሠረተ፣ መቀመጫው ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ውስጥ የሆነ። ላይኛው ደረጃ ላይ ኦሊምፒክና ሻምፒዮናዎቹ አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ግራንድ ፕሪ ይመጣል። ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው፤ ስድስት ውድድርና አንድ ፍጻሜ አለው። እዚያ የሚገባው የተጋበዘ ብቻ ነው። ከሥሩ ቻሌንጀር ሲሪስ አለ፤ በ2014 የተጀመረ። እኔ ትንሽ የምለው በዋናነት ይህንን ነው።

ትንሽ ስል ግን ታሪክ የሌለው ማለቴ አይደለም። ጀርመን፣ ኦበርስትዶርፍ የሚደረገው ኔበልሆርን ዋንጫ ከ1969 ጀምሮ አለ። ስሙን የወሰደው ከከተማዋ በላይ ከተገተረው ተራራ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ላደገ የደሴ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። የዛግሬቡ ወርቃማ ሽክርክሪት ከሱም ይቀድማል፤ 1967። ብራቲስላቫ ላይ የሚደረገው ውድድር የተሰየመው በ1972 ሳፖሮ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ባገኘው በኦንድሬይ ኔፔላ ነው። ጣሊያን ውስጥ የሎምባርዲያ ዋንጫ አለ። አብዛኞቹ ከነሐሴ እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ ይደረጋሉ። ወቅቱ ከእኛ አዲስ ዓመት ጋር አብሮ የሚሟሟቅ ነው።

ለዚህ ስፖርት የተለወጡ ብዙ ነገሮች የተጀመሩት ትንሽ ሜዳ ላይ ነው። መስከረም 2022፣ የእኛ አዲስ ዓመት ገና ሳምንት ሳይሞላው፣ ኢሊያ ማሊኒን የሚባል የ17 ዓመት አሜሪካዊ እዚያው አሜሪካ፣ ሌክ ፕላሲድ ላይ አራት ዙር አክሴል የሚባለውን ዝላይ ዘሎ በእግሩ ቆመ። በውድድር ላይ ማንም ሠርቶት የማያውቅ ዝላይ ነው። ዓለም ለዓመታት የጠበቀው ነገር ኦሊምፒክ ላይ ሳይሆን አንድ የቻሌንጀር ውድድር ላይ ሆነ።

ሌላው ሰው ዶኖቫን ካሪዮ ነው። ሜክሲኳዊ ነው። ስለሱ ሳወራ ሁሌም ቃል ይበዛብኛል፤ ከሞቃት አገር ስለመጣ ይሆናል። ጓዳላሃራ ተወልዶ፣ የሚለማመድበት ሜዳ ሲዘጋ አሰልጣኙን ተከትሎ ሊዮን ወደምትባል ከተማ ሄደ። እዚያ ያገኘው ሜዳ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ ነው። ፎቅ ላይ ሰው ይሸምታል፤ ታች እሱ ሦስት ዙር ይዘላል። መስከረም 2021 ኔበልሆርን ለቤጂንግ ኦሊምፒክ የመጨረሻ ማጣሪያ ነበር። እዚያ ሄዶ ለሜክሲኮ ቦታ አመጣላት። አገሪቱ በዚህ ስፖርት ኦሊምፒክ ላይ ሰው ካሰለፈች 30 ዓመት ሆኗት ነበር። ቤጂንግ ላይ ወደ ረጅሙ ፕሮግራም ከሚያልፉት 24 ሰዎች አንዱ ሆነ። ከሜክሲኮ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ነው። በመጨረሻ 22ኛ ወጣ። እንግዲህ 22ኛ የሚለውን ቁጥር ብቻ ያነበበ ሰው ምን አነበበ?

እኛም በክረምት ኦሊምፒክ ሰው የለንም አይባልም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተሳተፈ የመጀመሪያው ነው፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ቆሟል። የሱ ስፖርት ግን አገር አቋራጭ ስኪ ነው።

ነጥቡ እንዴት ነው የሚሰላው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው የሚሸሸው ይህንን ክፍል ነው፤ ጣዕሙ ያለው ግን እዚሁ ነው።

ድሮ ዳኞች ከ6.0 ነበር የሚሰጡት። ሶልት ሌክ ሲቲ 2002 ላይ ያ አሠራር ተሰበረ። በጥንዶች ውድድር ወርቁ ለሩሲያ ተሰጠ። የፈረንሳይዋ ዳኛ ግፊት ተደርጎብኛል ብላ ተናገረች። ነገሩ ተጋጋለ፤ በመጨረሻ ሁለተኛ ለወጡት ካናዳውያን፣ ለጄሚ ሳሌና ለዴቪድ ፔልቲየር፣ ሌላ ወርቅ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ነው አሁን ያለው የነጥብ አሰጣጥ የተዘጋጀው። የተሞከረውም በ2003 እዚያው ኔበልሆርን ላይ ነው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ወገን የቴክኒክ ቡድን ይባላል። ምን እንደተሠራ ብቻ ይለያል፦ ይህ ሦስት ዙር ሉትዝ የሚባለው ዝላይ ነው፣ ይህ ሽክርክሪት ሦስተኛ ደረጃ ነው እያለ። ሌላው ወገን ዳኞቹ ናቸው። እነሱ እንዴት እንደተሠራ ይመዝናሉ።

ለአክስቴ ያስረዳሁት በጤፍ ነው። ሰኞ ገበያ ጤፍ ስትገዙ መጀመሪያ ዓይነቱ ይለያል። ማኛ ነው ወይስ ሰርገኛ? ዋጋው ከዚያ ይነሳል። ቀጥሎ እጃችሁን ሰዳችሁ ታያላችሁ። ንጹሕ ነው? አሸዋ አለው? በዚያ ልክ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። የስኬቲንግ ነጥብም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ዝላይ መነሻ ዋጋ አለው። ሦስት ዙር ቶሉፕ 4.20 ነው። ሦስት ዙር ሉትዝ 5.90። ሦስት ዙር አክሴል 8.00። አራት ዙር ቶሉፕ 9.50። ማሊኒን የሠራው አራት ዙር አክሴል 12.50 ነው። ዳኞቹ በዚህ ላይ ከሲቀነስ 5 እስከ ሲደመር 5 ይሰጣሉ። አንዱ ደረጃ የመነሻውን ዋጋ 10 በመቶ ያህላል። ከዳኞቹ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይወጣና የቀሩት በአማካይ ይያዛሉ።

በቁጥር እንየው። አንዲት ስኬተር ሦስት ዙር ሉትዝ ሠርታ በአማካይ 3 ብታገኝ 5.90 ላይ 1.77 ይደመርላታል፤ 7.67። ሙሉ ሦስት ዙር ዞራ ብትወድቅስ? ሲቀነስ 5 ትይዛለች፤ የዋጋው ግማሽ ይሄዳል። 2.95 ይቀራታል። በዚያ ላይ ለመውደቋ ከጠቅላላ ነጥቧ 1 ይቀነሳል። በእጇ የሚቀረው 1.95 ነው። ሁለት ዙር ሉትዝን በጸጥታ የሚሠራ ሰው ደግሞ መነሻው 2.10 ነው። በጠቅላላው ሲታይ ሞክሮ መውደቅና ሳይሞክሩ መቆም ተቀራራቢ ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። የመውደቅ ቅጣቱ የሚቀነሰው ከጠቅላላው ነጥብ ነው እንጂ ከቴክኒክ ነጥቡ አይደለም። ሚኒማ የሚታየው ደግሞ በቴክኒክ ነጥብ ብቻ ነው። የወደቀችበት ዝላይ ሦስት ዙር ሉትዝ ነበር፤ ስለዚህ ወድቃም 2.95 አስገብቶላታል። ፈርታ ሁለት ዙር ብትሠራ ኖሮ መነሻዋ 2.10 ብቻ ነበር። አሰልጣኟና እሷ ይህን አስልተው ነው የመጡት። የሳቋ ምስጢር ይኸው ነው።

ቴክኒኩ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የአቀራረብ ነጥብ ነው። ከ2022 ወቅት ጀምሮ በሦስት ነገር ይታያል፦ ቅንብሩ፣ አቀራረቡ፣ እና የመንሸራተት ችሎታው። ሰው ይህንን «ዳኞች እንደፈለጉ የሚሰጡት» ይለዋል። አልስማማም። ወሎ ውስጥ አድጎ ይህንን ልዩነት የማይሰማ ጆሮ የለም። አምባሰልን ድምፁን ሳይስት የሚዘፍን ሰው አለ። አምባሰልን ሲዘፍን ጠጉር የሚያቆም ደግሞ አለ። ሁለቱም አልሳቱም። ግን አንድ አይደሉም።

የመንሸራተት ችሎታን በጆሮም መለየት ይቻላል፤ ይህ የትንሽ ውድድር ትልቁ ስጦታ ነው። ትልቅ ውድድር ላይ ጭብጨባው ሁሉን ይውጠዋል። ትንሹ ላይ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ተንታኝም የለም። ማይክሮፎኑ የጫማውን ብረት ድምፅ ይለቅማል። ያልበሰለ ስኬተር ሲሄድ በረዶው ይፋቃል፤ ምጣድ በደረቁ እንደመፋቅ ያለ ድምፅ። የበሰለው ግን ሁለት ሦስቴ ብቻ ገፍቶ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይቆርጠዋል፤ የሚሰማው ጥልቅ፣ ለስላሳ «ሽሽ» ነው። ፍጥነቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አንድ ቀን የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። የተሻለውን ሳታዩ ትለያላችሁ።

ዝላዮቹን መለየት

ስድስት ዓይነት ዝላይ አለ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመያዝ አትሞክሩ። በአክሴል ጀምሩ። ወደ ፊት እያየ የሚነሳው ብቸኛው ዝላይ እሱ ነው። ሁሉም የሚያርፉት ወደ ኋላ እየሄዱ ስለሆነ አክሴል ከሌሎቹ ግማሽ ዙር ይበልጣል። ሦስት ዙር አክሴል ማለት በእውነቱ ሦስት ተኩል ነው። ዋጋው የከበደው ለዚህ ነው። ስሙ የመጣው በ1882 ቪየና ላይ ከሠራው ከኖርዌዩ አክሴል ፖልሰን ነው።

የቀሩት አምስቱ ወደ ኋላ እየተሄደ የሚነሱ ናቸው። እነሱን በሁለት ክፈሉ። የጫማው ብረት ጫፍ ላይ ጥርስ አለ። ያንን ጥርስ በረዶው ላይ ተክለው የሚነሱት ሦስት ናቸው፦ ቶሉፕ፣ ፍሊፕና ሉትዝ። ጥርስ ሳይተክሉ ከብረቱ ጠርዝ ብቻ የሚነሱት ሳልኮውና ሉፕ ናቸው። ሉትዝ ራሱን ያጋልጣል። ስኬተሩ ወደ ሜዳው ጥግ ረጅም መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ትከሻውን አዙሮ ያያል፣ ከዚያ ይተክላል። «መጣ፣ መጣ» የምትሉት እሱ ነው።

ዙር አትቁጠሩ። ዓይን አይደርስበትም። ማረፊያውን እዩ። እግሩ በረዶውን ሲነካ ወደ ኋላ እየሄደ ከሆነ ሞልቷል። በረዶው ላይ ሆኖ ገና የሚዞር ከሆነ ጎድሏል። ከሩብ ዙር በላይ የጎደለ ዝላይ የመነሻ ዋጋው አንድ አምስተኛ ይቀነስበታል። ግማሽና ከዚያ በላይ ከጎደለ እንደ አንድ ዙር ያነሰ ዝላይ ነው የሚቆጠረው። ሰዎች «ሳትወድቅ ለምን ነጥቧ አነሰ?» ብለው የሚናደዱት በብዛት እዚህ ላይ ነው። ዳኛ ስለበደላት አይደለም። የጎደለው ነገር በዝግታ ሲደገም ስለታየ ነው።

ወረቀቱ

እኔ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ የነጥቡ ዝርዝር በውድድሩ የውጤት ገጽ ላይ ይወጣል፤ ማንም በነፃ ያወርደዋል። እኔ የምወዳቸውን አትሜ ፋይል ውስጥ አስቀምጣለሁ። አንድ ስኬተር አንድ ሰንጠረዥ አለው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ዝላይ ወይም አንድ ሽክርክሪት ነው። ከዝላዩ ምህጻረ ቃል ፊት ያለው ቁጥር የዙሩ ብዛት ነው። ቀጥሎ መነሻ ዋጋው፣ ከዚያ የእያንዳንዱ ዳኛ ነጥብ በተራ፣ መጨረሻ ላይ ድምሩ። ዋጋው አጠገብ የማባዣ ምልክት ካለ ዝላዩ የተሠራው ፕሮግራሙ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ እግር ሲዝል ነው፤ 10 በመቶ ይጨመርለታል። ወደ ግራ የተቀሰረ የቀስት ጫፍ ካያችሁ ዙሩ ጎድሏል፤ ሁለት ከሆነ በጣም ጎድሏል።

አክስቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። ቁጥር ግን በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያንን ወረቀት ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። አንድ መስመር ላይ ቆሙ። ስድስቱ ዳኞች 2 እና 3 ሰጥተዋል፤ አንዱ ብቻ 1 ሲቀነስ ብሏል። «ይሄኛውን ምን አሳየው?» አሉ። ይኸው ነው ማንበብ ማለት። ያቺ 1 ዝቅተኛዋ ስለሆነች ከአማካዩ ወጥታለች፤ ልጅቷን አልጎዳችም። ከ2016 ወዲህ ደግሞ የትኛው ነጥብ የየትኛው ዳኛ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ከዚያ በፊት ተሸፍኖ ነበር።

ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የአንድን ሰው የመስከረምና የኅዳር ሰንጠረዥ አስቀምጡ። መስከረም ላይ የጎደለው ሉፕ ኅዳር ላይ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ያ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ምን ሲሠራ እንደከረመ እዚያች አንዲት መስመር ላይ ተጽፏል።

ሰዓቱና ኔትዎርኩ

ፕሮግራሙ የሚወጣው በአዘጋጁ አገር ሰዓት ነው። ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። መስከረም ላይ ጀርመን ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ናት። 19፡00 ካለ ለእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። ጥቅምት መጨረሻው እሑድ ላይ ግን ሰዓታቸውን ይመልሳሉ፤ ይህ ጥቅምት በፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ሁለት ይሆናል። ታህሳስ ላይ ዛግሬብ 19፡00 ካለ ለእኛ ማታ 3 ሰዓት ነው። እኔ መጀመሪያ ዓመት ይህንን ሳላውቅ ሁለት ቀን ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጫለሁ። ሌክ ፕላሲድ ከሆነ 19፡00 ማለት ሌሊት 8 ሰዓት ስለሆነ ጠዋት ተነስቶ ድጋሚውን ማየት ይሻላል።

ጃፓን ደግሞ አስደናቂ ናት። ኦሳካ ከሰዓት 3 ሲሆን እኛ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። እነሱ ማታ 7 ሲሉ እኛ ቀን 7 ሰዓት ነን። የግድግዳ ሰዓታቸውና የእኛ የግድግዳ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው የሚያርፈው። ምንም ስሌት አያስፈልግም።

ስርጭቱ እንደ ውድድሩ ይለያያል። አንዳንዱን አዘጋጁ ወይም የአገሩ ፌዴሬሽን በዩቲዩብ በነፃ ያስተላልፋል። አንዳንዱ ይከፈልበታል። የወጣቶቹን ግራንድ ፕሪ ኅብረቱ ራሱ በዩቲዩብ ሲያሳይ ቆይቷል። ምስሉ ቢቆራረጥ ወይም መብራት ቢጠፋ አብሽሩ። የውጤት ገጹ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ በደካማ ኔትዎርክም ይከፈታል። ነጥቡ እዚያ ወዲያው ይወጣል። ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሙሉ ውድድር በቁጥር ብቻ ተከታትዬ አውቃለሁ። ማን እንደወደቀ፣ ማን እንደተነሳ ቁጥሩ ይነግራችኋል።

ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ የምመክረው ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው። ረጅሙ ፕሮግራም ላይ ነጥባቸው ያነሰው ቀድመው ነው የሚወጡት፤ መሪዎቹ መጨረሻ ላይ። ሰው መጨረሻውን ብቻ ይከፍታል። እናንተ የመጀመሪያውን ሰዓት እዩ። ሚኒማ አሳዳጆቹ እዚያ ናቸው። ማሟሟቂያውንም አትለፉት። እስከ ስድስት ሰው አብሮ ወጥቶ 6 ደቂቃ ይሞክራል። የትኛው ዝላይ እንዳስፈራቸው በዚያች 6 ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል።

የተሰላፊዎቹ ዝርዝርም ከውድድሩ ቀናት ቀደም ብሎ ይወጣል። አንድ ሰው ምረጡ። ከታች ምረጡ። ስንት ነጥብ እንደጎደለው ፈልጉ። የሻምፒዮናዎቹ ሚኒማ በየወቅቱ በኅብረቱ ስለሚገለጽ ማግኘቱ አይከብድም።

እኔና አክስቴ ያቺን ልጅ ይዘናል። የረጅሙ ሚኒማ ይቀራታል። የአውሮፓ ሻምፒዮና ጥር ላይ ነው። የዛግሬቡ ውድድር ከዚያ በፊት ካሏት የመጨረሻ ዕድሎች አንዱ ነው። ትናንት የስም ዝርዝሩ ወጣ። ሱቅ እንደተቀመጥኩ አትሜ ማታ ይዤላቸው ሄድኩ። አክስቴ መነጽራቸውን አደረጉ። የአገሯን ባንዲራ ለይተው ያውቁታል፤ በጣታቸው ወረዱና ቆሙ።

«አለች» አሉ። «በስንት ሰዓት ነው?»

ማታ 3 ሰዓት አልኳቸው። ቡናውን 2 ተኩል ላይ እንጥዳለን።